የጥንት ሰዎች አጽም ስለ ዝምድናና ስለ ማንነት ምን ይናገራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሞተ ሰው አጥንት ስለ ዘመዶቹ እንዴት ሊናገር ይችላል?

በአማርኛ «አጥንቱ ከማን ነው?» ሲባል የሚጠየቀው ስለ ዘር ነው። ቋንቋው ሳይንሱን ቀድሞታል ማለት ይቻላል። አጥንትና ጥርስ ውስጥ ሰውየው ከእናትና ከአባቱ የወረሰው ዘረመል (ዲኤንኤ) አለ። በልጅነቱ የበላውና የጠጣው ነገር አሻራም አለ። የተራበበት፣ የታመመበት፣ የተመታበት ጊዜ ምልክቱን ትቶ አልፏል።

ከአጥንቱ ሌላ ደግሞ መቃብሩ አለ። ከማን አጠገብ ተቀበረ? ምን ተቀመጠለት? ፊቱ ወዴት ዞረ? እነዚህን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አጥንቱ ሰውየው ከማን እንደተወለደ ይናገራል። መቃብሩ ግን የቀባሪዎቹ ሥራ ነው። ሟቹን እንደ ማን ያዩት እንደነበር የሚናገረው እሱ ነው። ሁለቱ አንዳንዴ ይስማማሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አይተዋወቁም። ከታች ካሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚነሱት ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ወንድ ይሁን ሴት በምን ይለያል?

አዋቂ ከሆነና ዳሌው ካልተሰባበረ፣ በዳሌው። የሴት ዳሌ ለወሊድ ሰፋ ያለ ነው። የራስ ቅልም ይረዳል፣ እንደ ዳሌ ግን አይታመንም። ሕፃናት ላይ ይሄ ሁሉ አይሠራም። ጉርምስና ሳይደርስ የወንድና የሴት አጥንት በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ነው።

አሁን ሌሎች ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ዘረመል ነው። ሌላው በጥርስ የላይኛው ጠንካራ ልባስ፣ ማለትም በኢናሜል ውስጥ የሚቀር አሜሎጄኒን የሚባል ፕሮቲን ነው። ወንዶች ላይ ብቻ የሚገኝ ዓይነት አለው። ዘረመሉ ተበላሽቶ ባለቀበት አጽም ላይ እንኳ ይገኛል።

በጣሊያን ሞዴና ከተማ በ2009 እጅ ለእጅ ተያይዘው የተቀበሩ ሁለት አጽሞች ተገኝተው ነበር። ዓለም «የሞዴና ፍቅረኞች» አላቸው። ወንድና ሴት መሆናቸውን ብዙ ሰው አልተጠራጠረም። በ2019 ኢናሜላቸው ሲመረመር ሁለቱም ወንዶች ሆነው ተገኙ። ወንድማማቾች ይሁኑ፣ ጓደኛሞች፣ አብረው የወደቁ ወታደሮች ወይስ በእርግጥም ፍቅረኞች፣ ጥርሳቸው አይናገርም።

ዘረመል ከየትኛው አጥንት ይወጣል? ስንት ዘመንስ ይቆያል?

ምርጡ ቦታ የውስጠኛውን ጆሮ የሚሸፍነው ትንሽ አጥንት ነው። ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ እንደ እሱ ጥቅጥቅ ያለ የለም። ስለዚህ ዘረመሉን ከውሃና ከባክቴሪያ ይከላከላል። ቀጥሎ የጥርስ ሥር ነው።

ዕድሜውን የሚወስነው የዓመቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም ነው። በስፔን አንድ ዋሻ ውስጥ ከ430,000 ዓመት ገደማ በፊት ከኖሩ ሰዎች አጥንት ዘረመል ወጥቷል። ሞቃት አገር ላይ ግን ጥቂት ሺህ ዓመት የቆየ አጥንትም ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ ዘረመል የተነበበው በ2015 ነው። የተገኘው በጋሞ ደጋ በሞጣ ዋሻ ከተቀበረ፣ የ4,500 ዓመት ዕድሜ ካለው ሰው ነው። ደጋው ቀዝቃዛ መሆኑ፣ ዋሻውም ጥላ መሆኑ ጠቅሟል።

ሁለት አጽሞች ዘመዳሞች መሆናቸው እንዴት ይታወቃል?

በሚጋሩት የዘረመል መጠን። ወላጅና ልጅ፣ እንዲሁም የአንድ እናትና አባት ልጆች፣ 50 በመቶ ገደማ ይጋራሉ። አያትና የልጅ ልጅ፣ አጎትና የወንድም ልጅ፣ በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙ ልጆች 25 በመቶ። የአጎት ልጆች 12.5 በመቶ። አጽሙ በደንብ ከተጠበቀ አሁን ያሉት ዘዴዎች እስከ ስድስተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ድረስ ይደርሳሉ።

«ታዲያ ወላጅና ልጅ ከወንድማማቾች በምን ይለያሉ? ሁለቱም 50 ናቸው» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዘረመልን እንደ ሁለት ክር ገመድ አስቡት። አንዱ ክር ከእናት፣ አንዱ ከአባት ነው። ወላጅና ልጅ በገመዱ ርዝመት ሁሉ አንድ ክር ይጋራሉ። ወንድማማቾች ግን አንድ ቦታ ላይ ሁለቱንም ክር፣ ሌላ ቦታ ላይ አንዱን ይጋራሉ፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ምንም አይጋሩም። አማካዩ አንድ ነው፣ አቀማመጡ ግን ለየቅል ነው።

ከዚያ ሁለት ረዳቶች አሉ። ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም የራሱ ትንሽ ዘረመል ያለው የሴል ክፍል፣ ከእናት ብቻ ይወረሳል። ወንዶች ብቻ ያላቸው የዘረመል ክፍል፣ ዋይ ክሮሞዞም፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ያልፋል። ስለዚህ ዝምድናው በየት በኩል እንደመጣ ይጠቁማሉ። ማን አባት፣ ማን ልጅ እንደሆነ ለመለየት ደግሞ የሞቱበት ዕድሜ ይታያል። የስምንት ዓመት ልጅ አባት ሊሆን አይችልም። 25 በመቶ ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። አያት ይሁን አጎት ይሁን የአባት ልጅ ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። ሌሎች ዘመዶቻቸው ከተገኙ ነው መልሱ የሚጠራው።

በጣም ቀላሉ ጉዳይ መንታ ነው። በኦስትሪያ ክሬምስ ከ31,000 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት ጨቅላ ሕፃናት ዘረመላቸው ፍጹም አንድ ሆነ። ተመሳሳይ መንታዎች ናቸው። አንዱ እንደተወለደ ሞቷል። ሌላው 50 ቀን ያህል ኖሯል። ጉድጓዱ ተከፍቶ ከወንድሙ ጎን ተኛ።

ዘረመል ማንበብ ሳይመጣ በፊት ምን ይደረግ ነበር?

ጥርስ ይታይ ነበር። የመንጋጋ ጥርስ ጉብታዎችና ስንጥቆች በቤተሰብ ይወረሳሉ። የራስ ቅል ላይ ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ስፌቶችም እንዲሁ። ዘዴው ዛሬም አልተጣለም፣ በተለይ ዘረመል በማይገኝበት ቦታ። ግን «እነዚህ ሰዎች ይቀራረባሉ» ከማለት አልፎ «ይሄ የዚያች ልጅ ነው» ለማለት አቅም የለውም።

ተቃቅፈው ወይም አንድ ጉድጓድ ውስጥ የተገኙ ሰዎች ቤተሰብ ናቸው ማለት ነው?

አንዳንዴ አዎ። በጀርመን ኦይላው በ2005 አራት መቃብሮች ተገኙ፤ 13 ሰዎች ነበሩባቸው። የዛሬ 4,600 ዓመት ገደማ በአንድ ጥቃት የተገደሉ ናቸው። በአንደኛው ጉድጓድ አባት፣ እናትና ሁለት ወንዶች ልጆች ፊት ለፊት ተያይተው ተኝተዋል። ዘረመሉም ይህንኑ አረጋገጠ። ከጥቃቱ የተረፈ ሰው ተመልሶ መጥቶ ማን የማን እንደሆነ እያወቀ ቀብሯቸዋል። በሌላኛው ጉድጓድ ግን አንዲት ሴት ከልጆች ጋር ናት። ልጆቹ ከእሷ አልተወለዱም። አክስት ትሁን የእንጀራ እናት አልተለየም። ለቀባሪው ግን ከእነሱ ጋር መሆን የሚገባት ሰው ነበረች።

በፖላንድ ኮሺትሴ የተገኘውም ይመሳሰላል፤ 5,000 ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው 15 ሰዎች ያሉበት ጉድጓድ ነው። ሁሉም ጭንቅላታቸውን ተመትተው ሞተዋል። እናቶች ከልጆቻቸው፣ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አባቶቹ አብዛኞቹ የሉም። ምናልባት ጥቃቱ ሲደርስ ሌላ ቦታ ነበሩ፤ ምናልባትም ቀባሪዎቹ እነሱ ናቸው።

አንዳንዴ ደግሞ አይደሉም። ፖምፔ በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ ስትቀበር አንድ ቤት ውስጥ የወርቅ አምባር ያደረገ ሰው ሕፃን ታቅፎ ሞቷል። ለረጅም ጊዜ «እናትና ልጅ» ተባሉ። አምባር አለ፣ ልጅ አለ፣ በቃ እናት ናት ተባለ። በ2024 የወጣው ምርመራ አዋቂው ወንድ መሆኑን፣ ከሕፃኑ ጋርም የሥጋ ዝምድና እንደሌለው አሳየ። ያንን ታሪክ የፈጠርነው እኛ ነን፤ አጥንቱ የለበትም።

ሰው የተወለደበትን ቦታ ከጥርሱ ማወቅ ይቻላል?

በቀጥታ ሳይሆን በማግለል። ዓለት ውስጥ ስትሮንቲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የዓይነቶቹ ምጣኔ እንደ ዓለቱ ዕድሜና ዓይነት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከዓለት ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ እህልና ውሃ፣ ከዚያ ወደ ልጁ ጥርስ ይገባል። ኢናሜል አንዴ ከተሠራ አይታደስም። አጥንት ግን ቀስ በቀስ ራሱን ይተካል። ስለዚህ ጥርስ ልጅነትን፣ አጥንት የመጨረሻዎቹን ዓመታት ይይዛል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሰውየው አገር ቀይሯል።

ችግሩ ብዙ ቦታዎች ተመሳሳይ ምጣኔ መኖራቸው ነው። «እዚህ አላደገም» ማለት ይቻላል። «እዚያ አደገ» ማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል። በዴንማርክ ኤግትቬድ በ1921 የተገኘችው የነሐስ ዘመን ወጣት ሴት ጥሩ ምሳሌ ናት። በ2015 ከደቡብ ጀርመን የመጣች ናት ተብሎ ወሬዋ ዓለምን ሞላ። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ተነሡ። አካባቢው ላይ ገበሬዎች የሚበትኑት ኖራ የአፈሩንና የውሃውን ምጣኔ ለውጦታል፣ ስለዚህ ንጽጽሩ የተበላሸ ነው፣ ልጅቷ የዚያው አካባቢ ሰው ልትሆን ትችላለች አሉ። ክርክሩ ቀጠለ።

ከአንድ መቃብር ቦታ ሙሉ የቤተሰብ ሐረግ መሳል ይቻላል?

ይቻላል፣ ያውም እስከ ሰባትና ዘጠኝ ትውልድ። እኔን በዚህ መስክ እንደዚህ የሚያስደምመኝ የለም።

ከፓሪስ በስተደቡብ ጉርጂ የሚባል ቦታ ላይ፣ ከዛሬ 6,500 ዓመት በፊት አካባቢ የነበረ የገበሬዎች መቃብር አለ። ከተቀበሩት የ94ቱ ዘረመል ተነቦ ውጤቱ በ2023 ወጣ። ከእነዚህ 64ቱ በአንድ የዘር ሐረግ ላይ ገጠሙ። ሰባት ትውልድ ነው። ሐረጉ በወንድ በኩል ይወርዳል። ያደጉ ሴት ልጆች የሉበትም ማለት ይቻላል፤ ተድረው ሄደዋል። ሚስቶቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። ከሁሉም የሚገርመው የሐረጉ አባት ነው። መጀመሪያ የተቀበረው ሌላ ቦታ ነበር። ዘመዶቹ ሲሰደዱ አጥንቱን ለቅመው ይዘውት መጥተው በአዲሱ መንደር ቀበሩት።

ጉርጂ ላይ በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙ ልጆች አልተገኙም። አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት የነበረ ይመስላል። እንግሊዝ ሃዝልተን ኖርዝ ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። 5,700 ዓመት ያህል ዕድሜ ባለው የድንጋይ መቃብር ውስጥ ከተመረመሩት 35 ሰዎች 27ቱ የአንድ ቤተሰብ አምስት ትውልድ ናቸው። ሁሉም የሚመዘዙት ከአንድ ሰውና ልጆች ከወለዱለት አራት ሴቶች ነው። መቃብሩ ሁለት ክፍል አለው፤ በአብዛኛው የሁለቱ ሴቶች ዘር በአንዱ፣ የሁለቱ ደግሞ በሌላው ተቀብሯል። ዘሩ የሚቆጠረው በአባት ነው፣ የመቃብሩ ክፍል የሚመረጠው ግን በእናት።

በሃንጋሪ ሜዳ ላይ ከ6ኛው እስከ 9ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አቫሮች ደግሞ ጭራሽ ሰፊ ናቸው። በ2024 ከአራት መቃብር ቦታዎች የ424 ሰዎች ዘረመል ተነበበ። ወደ 300 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የቅርብ ዘመድ እዚያው ነበራቸው። አንዱ ሐረግ ዘጠኝ ትውልድ ይወርዳል። አንዲት ሴት ለሁለት ወንድማማቾች የወለደችበት ጊዜ አለ። ባል ሲሞት ወንድሙ ሚስቱን የመውረስ ልማድ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በአጥንትም ታየ ማለት ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ ሴቷ ናት ወደ ባሏ አገር የምትሄደው?

እንዲህ ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ማስረጃው ብዙ ነው። በሳይቤሪያ ቻጊርስካያ ዋሻ ከ54,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ኒያንደርታሎች (ዛሬ የሌሉ የሰው ዘር የቅርብ ዘመዶች) ላይ እንኳ ታይቷል። እዚያ አንድ አባትና በአፍላ ዕድሜዋ ላይ ያለች ልጁ ተገኝተዋል። የቡድኑ ዋይ ክሮሞዞም በጣም ይመሳሰላል፣ ማይቶኮንድሪያው ግን ይለያያል። ወንዶቹ የሚቀሩ፣ ሴቶቹ የሚመጡ ናቸው።

ግን ሕግ አይደለም። በደቡብ እንግሊዝ ዶርሴት፣ ሮማውያን በሚመጡበት ዘመን አካባቢ የነበረ መቃብር ላይ ተቃራኒው ተገኘ። በ2025 በወጣው ጥናት መሠረት ከተመረመሩት ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ከአንዲት ሴት የሚወርዱ ናቸው። ተሰዳጆቹ ወንዶቹ ናቸው፤ አማች ቤት የሚገባው ባል ነው። በአሜሪካ ቻኮ ሸለቆ፣ ፑዌብሎ ቦኒቶ በሚባለው ትልቅ ቤት ውስጥ 14 የተከበሩ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀብረዋል። አንደኛው ከ11,000 በላይ የቱርኩዋዝ ዶቃ ነበረው። ከእነዚህ ዘጠኙ ማይቶኮንድሪያቸው አንድ ነው። ከ800 እስከ 1130 ዓ.ም. ድረስ፣ ለ300 ዓመት ያህል፣ ክብሩ በእናት በኩል ሲወርድ ቆይቷል።

የእንጀራ ልጅና የማደጎ ልጅ በአጽም ሊታወቅ ይችላል?

ዘረመል ብቻውን ሊያሳያቸው አይችልም፣ ምክንያቱም በደም አይገናኙም። ዘረመሉና መቃብሩ ሲጣሉ ግን ይገለጣሉ። ሃዝልተን ላይ እናታቸው እዚያ የተቀበረች፣ አባታቸው ግን ከሐረጉ ውጭ የሆነ ወንዶች አሉ። እናትየው ከዚያ ቤተሰብ ለሆነ ሰውም ልጆች ወልዳለች። በቀላሉ ሲነገር፦ ልጅ ይዛ አገባች፣ የእንጀራ አባታቸውም ቤተሰብ እንደ ልጅ ቆጥሮ በራሱ መቃብር ቀበራቸው።

በቱርክ ቻታልሆዩክ ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል። የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ ሰዎች ሙታናቸውን የሚኖሩበት ቤት ወለል ሥር ይቀብሩ ነበር። ሁሉም «አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ» ብሎ ነበር። በ2011 የጥርስ ቅርጽ ሲጠና አንድ ቤት የተቀበሩት ከሌሎቹ የበለጠ አይቀራረቡም ተባለ። በ2025 የ131 ሰዎች ዘረመል ታትሞ ስዕሉን አጠራው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት አንድ ቤት ያሉት ዘመዳሞች ነበሩ፣ ዝምድናውም በእናት በኩል ነው። በኋላ ግን በደም የማይገናኙ ልጆች እየበዙ መጡ። ለምን? አደራ ይሁን፣ ማደጎ ይሁን፣ ልጅን ከጎረቤት ጋር መለዋወጥ ይሁን፣ የሚናገር አጥንት የለም። «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ለእነሱ ከመውለድ በላይ ሰፊ እንደነበር ግን ግልጽ ነው።

ሀብታምና ድሃ፣ ጌታና አገልጋይ ይለያሉ?

ከመቃብር ዕቃ መጀመር ይቻላል፣ ግን ዕቃውን ማን አገኘው የሚለው ይበልጣል። ሕፃን በወርቅ ተሸፍኖ ከተገኘ ወርቁን ሠርቶ አላገኘውም፤ ወርሶታል። በሩሲያ ሱንጊር ከ34,000 ዓመት ገደማ በፊት ሁለት ልጆች ጭንቅላታቸው ተገናኝቶ በሺህ ከሚቆጠሩ የማሞዝ (የጠፋ የዝሆን ዘመድ) ጥርስ ዶቃዎች ጋር ተቀብረዋል። ወንድማማቾች ይመስላሉ፣ ግን የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። በተቃራኒው፣ በስፔን ቫሌንሲና ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ከዝሆን ጥርስና ከክሪስታል ድንጋይ ጩቤ ጋር የተቀበረው «ታላቅ ሰው» በ2023 ሴት ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን እዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ ሀብት ያለው የሕፃን መቃብር የለም። ስለዚህ ክብሯን ያገኘችው በራሷ ይመስላል።

በደቡብ ጀርመን የሌክ ሸለቆ ግን ሌላውን ገጽ ያሳያል። የዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ በየእርሻ ቤቱ አጠገብ ትንንሽ መቃብሮች ነበሩ። በእያንዳንዱ ሦስት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛ፣ በአባት የሚወርዱ ባለ ዕቃ ዘመዳሞች። ሁለተኛ፣ ከሩቅ የመጡ፣ በሀብት የተቀበሩ ሴቶች። ሦስተኛ፣ ከማንም ጋር የማይዛመዱ፣ ምንም ያልተቀመጠላቸው ሰዎች። ሦስተኞቹ አገልጋዮች ወይም ባሪያዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። አንድ ግቢ ኖረው አንድ መቃብር ወረዱ፣ እኩል ግን አልነበሩም።

አጥንቱ ራሱም ይናገራል። ልጅ ሲራብ ወይም ሲታመም የጥርሱ ኢናሜል ላይ መስመር ይቀራል። የናይትሮጅን ዓይነቶች ምጣኔ ደግሞ ጥርስ ውስጥ ጡት የጣለበትን ዕድሜ ሳይቀር ያሳያል።

ከሰይፍ ጋር የተቀበረ ሁሉ ተዋጊ ነው?

የቢርካው መቃብር ይህን ጥያቄ አፋፋመው። ስዊድን ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተቆፈረ የ10ኛው ክፍለ ዘመን የቫይኪንግ መቃብር ነው። ሰይፍ፣ መጥረቢያ፣ ጦር፣ ቀስት፣ ሁለት ፈረስና የጨዋታ ጠጠሮች ነበሩበት። ከመቶ ዓመት በላይ «ኃያል የጦር ሰው» ሲባል ኖረ። በ2017 ዘረመሉ ሲነበብ ሴት ናት።

ወዲያው «መሣሪያው የእሷ ላይሆን ይችላል» የሚል ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ሞኝነት አይደለም፤ ዕቃ የሚያስቀምጠው ቀባሪ ነውና። ግን ሟቹ ወንድ ሲመስላቸው ይህን የጠየቀ አልነበረም። ጥያቄው ትክክል ከሆነ ለሁሉም መቃብር ነው መጠየቅ ያለበት።

የጎሳ ወይም የብሔር ማንነት ከአጽም ይታወቃል?

አይታወቅም። ዘረመል ቋንቋ የለውም፣ ሃይማኖት የለውም፣ ሰው ራሱን ምን ብሎ ይጠራ እንደነበር አይመዘግብም። በጀርመን ኒደርሽቶትሲንገን የ7ኛው ክፍለ ዘመን ተዋጊዎች መቃብር አለ። ከተመረመሩት መካከል የአንድ ቤተሰብ ሰዎች አሉ። የዕቃቸው ዓይነት ግን የፍራንክ፣ የሎምባርድና የቢዛንታይን ነው። አንድ ቤት፣ ሦስት ባሕል። ዕቃውን ብቻ ያየ ሰው ሦስት ሕዝብ ነው የሚለው።

ማንነት አጥንት ላይ የሚቀረጽበት ጊዜ ግን አለ። በሕፃንነት ጭንቅላት በጨርቅ ታስሮ እንዲረዝም ሲደረግ ቅርጹ ዕድሜ ልክ ይቀራል። በባቫሪያ በ500 ዓ.ም. አካባቢ እንዲህ ያለ ረጅም ራስ ያላቸው ሴቶች ተገኝተዋል። ዘረመላቸው ከደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ነው፣ በዙሪያቸው ያሉት ወንዶች ግን የሰሜን ሰዎች ናቸው። ሙሽሮች ሆነው የመጡ ይመስላል። አለባበሳቸውን ለውጠው እንደ አካባቢው ተቀበሩ፤ ጭንቅላታቸውን ግን መለወጥ አይቻልም። በኒውዮርክ በ1991 ከሕንፃ ግንባታ ሥር የተገኘው የአፍሪካውያን መቃብር ላይም የተሞረዱ ጥርሶች ታይተዋል። በአፍሪካ ተወልደው በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ምልክት ነው። ስማቸው ተቀይሯል፣ ጥርሳቸው ግን እንደተሞረደ ቀርቷል።

የታመመና አቅም ያጣ ሰው ይጣል ነበር?

ሁልጊዜ አይደለም። በቬትናም ማን ባክ የዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ የኖረ ወጣት አጥንቱ የመነመነ፣ አንገቱ የተጣበቀ ሆኖ ተገኝቷል። ከወገቡ በታች ሽባ ነበር፣ እጁንም እንደልብ አያዘውም። እንዲያም ሆኖ አሥር ዓመት ያህል ኖሯል። ያጎረሰው፣ ያጠበው፣ ያገላበጠው ሰው ነበር። የእሱን ማንነት አናውቅም። የአስታማሚው ሥራ ግን የበሽተኛው አጥንት ላይ ተጽፏል።

ዘረመል የቤተሰብ ምስጢር ያወጣል?

ያወጣል፣ ያውም የነገሥታትን። የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ በ1485 በጦርነት ሞተ። በ2012 አጽሙ ሌስተር ከተማ መኪና ማቆሚያ ሥር ተገኘ። ማይቶኮንድሪያው ከእህቱ በሴት በኩል ከሚወርዱ ዛሬ ካሉ ሰዎች ጋር ገጠመ። እሱ ነው። ዋይ ክሮሞዞሙ ግን በወንድ በኩል ዘመዶቹ ናቸው ከተባሉት ጋር አልገጠመም። በሐረጉ ላይ ቢያንስ አንድ ቦታ የተጻፈው አባትና የወለደው አባት የተለያዩ ናቸው። የትኛው ትውልድ ላይ እንደሆነ አይታወቅም። የሩቅ ዘመድ ቆጥሮ የሚኮራ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ አይጎዳውም።

ከመጠን በላይ መተርጎምም አለ። በአየርላንድ ኒውግሬንጅ በተባለው የ5,000 ዓመት መቃብር ውስጥ አንድ ሰው ወላጆቹ ወንድምና እህት ወይም ወላጅና ልጅ ሆነው ተገኙ። በ2020 «ነገሥታቱ እርስ በርስ የሚጋቡ ነበሩ» የሚል ትርጓሜ ተሰጠ። በ2025 ሌሎች ተቃወሙ። የተገኘው የአንድ ሰው ስባሪ አጥንት ነው፣ ሌላ እንዲህ ያለ ሰው አልተገኘም፣ ሥርወ መንግሥት በአንድ ሰው አይሠራም አሉ። የወላጆቹ ጉዳይ እውነት ነው። ንግሥናው ግን ግምት ነው።

የተቆፈረ አጽም ዛሬ ካሉ ሰዎች ጋር ሊዛመድ ይችላል? ከተዛመደስ የማን ነው?

ይዛመዳል። በሜሪላንድ ካቶክቲን ፈርነስ በሚባል የብረት ማቅለጫ በባርነት የሠሩ ሰዎች መቃብር ነበር። የ27ቱ ዘረመል በ2023 ከአንድ ትልቅ የዘረመል መመርመሪያ ድርጅት ደንበኞች መረጃ ጋር ተነጻጸረ። 41,799 ሰዎች በቅርብም በሩቅም ዘመድ ሆነው ተገኙ። ስማቸው በቅጡ ያልተመዘገበ ሰዎች ከ170 ዓመት በላይ ቆይተው ዘመድ አገኙ።

የማን ነው የሚለው ግን በቤተ ሙከራ አይፈታም። በአሜሪካ ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር በ1996 የተገኘው፣ 9,000 ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው «ኬንዊክ ሰው» ሃያ ዓመት አከራክሯል። ጎሳዎቹ «አባታችን ነው፣ መልሱልን» አሉ። ተመራማሪዎች የራስ ቅሉ ቅርጽ እነሱን አይመስልም ብለው ከሰሱ፣ በ2004ም አሸነፉ። በ2015 ዘረመሉ ተነበበ። ከሁሉም የሚቀርበው ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሆነ፤ አጥብቀው ሲጠይቁ የኖሩት የአካባቢው ጎሳዎችም ከእነዚሁ ናቸው። በየካቲት 2017 አምስት ጎሳዎች ተረክበውት በማለዳ ቀበሩት። ቦታውን ለማንም አልተናገሩም።